በ30 ደቂቃ ውስጥ አቋምን መመርመር፦ ለጂአርኢ የትንተና ድርሰት የዝግጅት መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱ በርካታ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ለሚሰጠው የመግቢያ ፈተና ለጂአርኢ (GRE) ሲዘጋጁ ጊዜያቸውን የሚያውሉት በሒሳቡና በቃላት ጥናቱ ላይ ነው። የድርሰቱን ክፍል የሚያስታውሱት ፈተናው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ያን ጊዜም ከሰው ያገኙትን የተዘጋጀ መግቢያና መደምደሚያ ለመሸምደድ ይሞክራሉ። ይህ መመሪያ ሌላ መንገድ ያሳያል። ክፍሉ በዋናነት የሚመዝነው አንድ ሐሳብ በየትኛው ሁኔታ እንደሚሠራና በየትኛው እንደማይሠራ ለይቶ የማሳየትን ችሎታ ነው። ስድስት ሳምንት ያህል በትጋት ቢለማመዱት የሚዳብር ችሎታ በመሆኑ፣ ቀደም ብለው እንዲጀምሩት አጥብቄ እመክራለሁ።

መጀመሪያ፦ ፈተናው ዛሬ ያለውን ቅርጽ ይወቁ

በአራት ኪሎና በብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ከመጻሕፍት ሻጮች የሚገኙት የቆዩ የጂአርኢ መጻሕፍት ሁለት ድርሰቶች እንደሚጠየቁ ይናገራሉ። ይህ ቀርቷል። የፈተናው ባለቤት የሆነው ኢቲኤስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ ፈተናውን ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ያሳጠረው ሲሆን፣ የሌላን ሰው መከራከሪያ መተቸትን የሚጠይቀውን ድርሰት አስወግዶ በአንድ ጉዳይ ላይ የራስን አቋም መተንተንን የሚጠይቀውን ብቻ አስቀርቷል። የተሰጠው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ሁልጊዜ በፈተናው መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ፣ አእምሮዎም ጣቶችዎም ገና ሳይሟሟቁ የሚገጥምዎት ይኸው ነው። ለንግድ ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱት ጂማት ግን በአዲሱ ቅርጹ የድርሰት ክፍል የለውም፤ ስለዚህ የሚያመለክቱባቸው ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ፈተናዎች የሚቀበሉ ከሆነ ይህን በምርጫዎ ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ።

ድርሰቱ የሚመዘነው ከ0 እስከ 6 ሲሆን ነጥቡ በግማሽ በግማሽ ከፍ ይላል። አንድ የሠለጠነ አራሚ ያነበዋል፤ የኢቲኤስ የኮምፒውተር ፕሮግራምም ይመዝነዋል፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ከተፈጠረ ሌላ ሰው እንዲያየው ይደረጋል። ከሌላ ጽሑፍ ጋር የሚመሳሰል ድርሰትን የሚለይ ሶፍትዌርም አለ፤ ተሸምድዶ የተጻፈ አንቀጽ ከተገኘ ውጤቱ እስከ መሰረዝ ይደርሳል። የሚጻፍበት ፕሮግራም ደግሞ እጅግ ቀላል ነው፦ መጻፍ፣ መሰረዝ፣ ቆርጦ መለጠፍና የተሠራውን መመለስ ብቻ ይፈቅዳል እንጂ ፊደል ወይም ሰዋስው አያርምም።

ቀጥሎ፦ ከመጻፍ በፊት ርዕሶቹን ያንብቡ

ኢቲኤስ በፈተናው ላይ ሊመጡ የሚችሉትን የድርሰት ርዕሶች በሙሉ በድረ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጧል፤ ቁጥራቸውም ከመቶ ይበልጣል። ዝርዝሩን ስድስት ኪሎ ወይም አምስት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አሳትመው በወረቀት ይያዙት፤ ወረቀት ላይ ማስመርና ኅዳግ ላይ መጻፍ ለዚህ ሥራ ከስክሪን የተሻለ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ምንም ድርሰት ሳይጽፉ ርዕሶቹን ብቻ ቢያነቡ ጊዜ አባከንኩ ብለው አይስጉ። ርዕሶቹ በቁጥር ቢበዙም የሚመላለሱት በጥቂት ጉዳዮች ዙሪያ ነው፦ ትምህርትና ዩኒቨርሲቲ፣ መንግሥትና መሪነት፣ ቴክኖሎጂ፣ ጥበብና ባህል፣ ምርምር፣ ግለሰብና ማኅበረሰብ። እያንዳንዱን ርዕስ በጉዳዩ ይመድቡ፤ ከዚያም በውስጡ ያሉትን ጠንካራ ቃላት ያክብቡ። «ሁልጊዜ»፣ «ማንኛውም»፣ «ብቻ»፣ «ከሁሉ የላቀው»፣ «መገደድ አለበት» የሚሉት ቃላት የክርክሩ በሮች ናቸው፤ ርዕሱ የሚደክመውም ብዙውን ጊዜ በእነሱ በኩል ነው።

ከርዕሱ ሥር የሚመጣውን ትእዛዝ ማንበብ ደግሞ ከርዕሱ እኩል ክብደት አለው። ትእዛዞቹ ስድስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከአባባሉ ጋር ምን ያህል እንደሚስማሙና አባባሉ እውነት የሚሆንበትንና የማይሆንበትን ሁኔታ ይጠይቃል። ሌላው የቀረበው ምክር በየትኛው ሁኔታ እንደሚጠቅምና እንደማይጠቅም እንዲያሳዩ ይፈልጋል። ሦስተኛው አቋምዎን ሊፈታተኑ የሚችሉትን ጠንካራ ምክንያቶች አንሥተው እንዲመልሱ ያዝዛል። አራተኛው ሁለት አመለካከቶችን አቅርቦ ሁለቱንም እንዲመረምሩ፣ አምስተኛው አባባሉን ብቻ ሳይሆን አባባሉ የቆመበትንም ምክንያት እንዲመዝኑ፣ ስድስተኛው አንድ ፖሊሲ ቢተገበር የሚያስከትለውን ውጤት እንዲያጤኑ ይጠይቃሉ። ጥሩ እንግሊዝኛ እያላቸው ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለ ጉዳዩ በደንብ ይጽፋሉ፣ የታዘዙትን ግን አይሠሩም።

አንድ ርዕስ በቅርብ ሲታይ

አሠራሩን ለማሳየት በራሴ የቀረጽኩትን አንድ ርዕስ እንውሰድ፦ «መንግሥት ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በገጠር እንዲያገለግል ማስገደድ አለበት።» ትእዛዙ የፖሊሲውን ውጤቶች እንዲያጤኑ ነው እንበል።

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ዝንባሌ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ብሎ ሦስት ምክንያት መደርደር ነው። ይህን ለጊዜው ያቆዩትና በቅድሚያ ሦስት ጥያቄዎችን ለራስዎ ያቅርቡ። ፖሊሲው ማንን ይነካል? የመጀመሪያው ውጤት ሌላ ምን ውጤት ይወልዳል? ምን ቢሟላ ወይም ምን ቢጎድል መልሱ ይለወጣል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ተማሪውን፣ የሚላክበትን ማኅበረሰብ፣ የልጁን ደመወዝ የሚጠብቀውን ቤተሰብና ወጪውን የሚሸፍነውን መንግሥት ያገኛሉ። ለሁለተኛው፣ መምህር ያልነበረው ትምህርት ቤት መምህር ማግኘቱ በጎ ቢሆንም፣ በየዓመቱ የሚቀያየር ጀማሪ ይመጣል ተብሎ ቋሚ መምህር መቅጠር ሊዘገይ እንደሚችል ያስተውላሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ አቋም የሚወለድበት ነው፤ ግዴታው የሚጠቅመው ተማሪው የሚሠራው ሥራ አስቀድሞ ሲዘጋጅለትና ከተማረው ጋር ሲገናኝ መሆኑን ያሳይዎታል።

አሁን ማስረጃ ይፈልጉ። ለዚህ ርዕስ ከኢትዮጵያ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ሁለት አንቀጾችን እናነጻጽር፤ በፈተናው ላይ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ቢሆንም የሐሳቡ አካሄድ በአማርኛም ይታያል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ትምህርት ለአንድ አገር እድገት ወሳኝ ነው። ተማሪዎች በገጠር ቢያገለግሉ የአገር ፍቅር ያድርባቸዋል፤ ብዙ ነገርም ይማራሉ። ስለዚህ ፖሊሲው በጣም ጠቃሚ ነው።»

ይህ አንቀጽ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ምንም አያሳይም። ሁለተኛው ይህ ነው፦

«ግዴታው የሚሰጠው ጥቅም የሚወሰነው ተማሪው በሚላክበት ቦታ ምን ሥራ እንደሚጠብቀው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በአዲስ አበባ የነበረው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ የተመደቡት በትምህርት ቤቶች ነው። ክፍሉም ርእሰ መምህሩም ቀድሞ ስለነበሩ፣ ልምድ የሌለው ወጣት እንኳ ሊሸፍነው የሚችል ግልጽ ቦታ ያገኝ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ወታደራዊው መንግሥት 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን በአንድ ጊዜ ሲያዘምት ግን፣ ሥራው መሠረተ ትምህርት ከማስተማር አልፎ ገበሬዎችን እስከ ማደራጀትና የመሬት አዋጁን እስከ ማስፈጸም ስለደረሰ፣ ብዙዎቹ ካልተዘጋጁበት ግጭት ውስጥ ገቡ። ሁለቱም ግዴታዎች ነበሩ፤ የለያያቸው የሥራው ግልጽነት ነው። ስለዚህ መንግሥት ማስገደድ ያለበት ቦታና ተቆጣጣሪ ያዘጋጀለትን ተማሪ እንጂ ማንኛውንም ተማሪ አይደለም።»

ሁለተኛው አንቀጽ የበለጠው በታሪክ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ሁለት ተመሳሳይ ጉዳዮችን ጎን ለጎን አቁሞ የውጤታቸውን ልዩነት መንስኤ ለይቷል፤ በዚያም መሠረት «ማንኛውም» የሚለውን ቃል አርሟል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ ርዕሱ ቃል ተመልሶ አቋሙን ሲያጠብ ይታያል። አራሚው የሚፈልገው ይህን እንቅስቃሴ ነው። ይህን ያህል የተሟላ አንቀጽ ሁለት ከጻፉ፣ ግማሽ ግማሽ ከሆኑ አራት አንቀጾች ይበልጥልዎታል።

የምሳሌ ክምችት ማዘጋጀት

ፈተናው ዕውቀትን አይመዝንም፤ ምሳሌ ከራስ ሥራና ኑሮም ሊወሰድ ይችላል። ሆኖም በ30 ደቂቃ ውስጥ ምሳሌ ከባዶ ማሰብ ስለሚከብድ፣ እያንዳንዳቸው ለሦስትና ለአራት ርዕስ የሚያገለግሉ አሥር ያህል ጉዳዮችን በዝርዝር ማወቅ በቂ ነው። በስፋት ከማወቅ ይልቅ ጥቂቶቹን ጠልቆ ማወቅን እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱ ጉዳይ የተሳካበትንም ያልተሳካበትንም ጎን ካላወቁት ለትንተና አይሆንም።

በመሐል አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ምሳሌ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሁለት መስመሮች 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍንና ለብዙ ሕዝብ ርካሽ መጓጓዣ የሆነ ነው፤ በሌላ በኩል ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው ሐዲድም በአንዳንድ ቦታ የእግረኛውን መሻገሪያ አርቆበታል። ስለ ቴክኖሎጂ የሚመጣን ርዕስ፣ መሣሪያ መግዛትና መሣሪያን ጠብቆ ማቆየት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን በዚህ ማሳየት ይቻላል። የፒያሳና የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው በአዲስ መንገድና ሕንፃ መተካታቸው ለከተማ፣ ለቅርስና ለሕዝብ ጥቅም ርዕሶች ያገለግላል፤ ነገር ግን የሚሰማዎትን ስሜት ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ለይተው ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ከ30,000 በላይ ሴቶችን በየገጠር ቀበሌው አሰማርቶ የክትባትንና የእናቶችን አገልግሎት ወደ ቤት ያቀረበ በመሆኑ፣ ባለሙያነት ምን ያህል ትምህርት ይጠይቃል ለሚል ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረውና በማግሥቱ ዓመት የዩኔስኮን ሽልማት ያገኘው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች መካሄዱ ስለ ባህልና ስለ ትምህርት ብዙ ያስብላል።

እነዚህን ሲጠቀሙ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ዓመተ ምሕረቱን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይለውጡ፤ የእኛው ከዚያ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያንስ አራሚው ሊደናገር ይችላል። ስለ ኢትዮጵያ ምንም የማያውቅ ሰው እንደሚያነበው አስበውም እያንዳንዱን ስም በአንድ አጭር ሐረግ ያስተዋውቁ።

ንድፉና አጻጻፉ

30ውን ደቂቃ እንዲህ ቢከፋፍሉት ይመቻል፦ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ለማሰብና ለንድፍ፣ ሃያ ያህል ለመጻፍ፣ ሦስት ወይም አራት ለእርማት። ሰባት ደቂቃ ሳይጽፉ መቀመጥ ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ ያለ ንድፍ የተጀመረ ድርሰት ግን መሐል ላይ አቋሙን ስቶ ከመግቢያው ጋር ይጋጫል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ የለም።

ንድፉ ረዥም አይሁን። አንድ የአቋም ዓረፍተ ነገር፣ የሁለት ዋና አንቀጾች ጭብጥ ከነምሳሌያቸው፣ ጠንካራው ተቃራኒ ሐሳብና ምላሹ ይበቁታል። አቋሙ «ምንም እንኳ ...»፣ «በተለይ ... ሲሆን»፣ «... ካልሆነ በቀር» የሚሉ ገደቦችን የያዘ ይሁን። ገደብ ማስገባት ማመንታት አይደለም፤ አቋሙ የት እንደሚቆም ማወቅዎን ያሳያል። «ሁለቱም ወገን ልክ ነው» ብሎ መተው ግን አቋም አይባልም።

መግቢያውን በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት። እኛ በትምህርት ቤት የለመድነው አጻጻፍ ከአጠቃላይ ነገር ተነሥቶ፣ አንዳንዴም በተረት አዋዝቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ነው፤ ለንግግርና ለወግ ያማረ አካሄድ ቢሆንም በዚህ ፈተና ላይ ጊዜና ቦታ ይወስዳል። ከአዳም ጀምሮ ስለ ሰው ልጅ ከማውራት፣ ርዕሱ ያስነሣውን ጥያቄ ጠቅሰው ወዲያው አቋምዎን ያስቀምጡ። ተቃራኒውን ሐሳብ ሲያነሡ ደግሞ ደካማውን ሳይሆን እርስዎን በእውነት የሚያስቸግርዎትን ይምረጡ።

የእንግሊዝኛው ጉዳይ

ጥቃቅን ስሕተት ከፍተኛ ነጥብ አያስከለክልም፤ ትርጉምን የሚያደናግር ስሕተት ግን ያስከለክላል። የአማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚሠራቸው ስሕተቶች ተለይተው የሚታወቁ ናቸው። አማርኛ ብዙ ድርጊቶችን አያይዞ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ በእንግሊዝኛም ዓረፍተ ነገሩን ሳይዘጉ በኮማ ማስከተል ይለመዳል። «ምንም እንኳ» ብሎ ጀምሮ «ነገር ግን» ብሎ መድገምም በእንግሊዝኛ ስሕተት ነው። በመስተፃምርና በመስተአምር (a፣ an፣ the) አጠቃቀም ላይም ስሕተት ይታያል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማረም ከመሞከር፣ ከጻፏቸው ድርሰቶች በብዛት የሚደጋገሙትን ሦስቱን ለይተው በእነሱ ላይ ብቻ ይሥሩ። ብርቅ ቃላት መሰግሰግን አልመክርም፤ በትክክል የሚያውቁት ተራ ቃል በግምት ከተቀመጠ ከባድ ቃል ይሻላል።

ልምምዱ

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሰዓት ሳይዙ ይጻፉ። ከአራተኛው ጀምሮ በ30 ደቂቃ፣ በኮምፒውተርና እርማት በሌለው ቀላል ፕሮግራም ይሁን። ከስልክ በስተቀር ኪቦርድ ያልለመደ ሰው ከዚህ ቀደም ብሎ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ የመተየብ ልምምድ ያድርግ፤ 400 ወይም 500 ቃላት በሃያ ደቂቃ ለመጻፍ እጅ ሐሳብን መከተል አለበት። ቤት ውስጥ ጸጥታ ወይም መብራት ካስቸገረ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ወይም ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ይመቻል። ኢቲኤስ በነጻ የሚሰጠውን የኮምፒውተር ሙከራ ፈተና ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያስቀምጡት።

በሳምንት ከሁለት ወይም ከሦስት ድርሰት በላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ ይልቁንም እያንዳንዱን መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል። በማግሥቱ የጻፉትን ያንብቡና ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን «ይህ የቱን የርዕሱን ቃል ነካ?» ለሚለው መልስ ይጻፉ። መልስ ያልተገኘለትን አንቀጽ እንደገና ይጻፉት። ከዚያ ኢቲኤስ ያወጣቸውን ናሙና ድርሰቶች ከነአራሚዎቹ አስተያየት ይክፈቱ፤ በተለይ 4 ያገኘውን 6 ካገኘው ጋር ያስተያዩ፣ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ በቋንቋው ሳይሆን በማስረጃው አጠቃቀም ላይ ሆኖ ያገኙታል። ከተቻለ አብሮዎት የሚዘጋጅ አንድ ሰው ያግኙ። ድርሰት ተለዋውጣችሁ ስታነቡ ስለ ሰዋስው ከመነጋገር በፊት አንባቢው የጸሐፊውን አቋም በቃሉ ይናገር፤ ጸሐፊው «እንዲህ አላልኩም» ካለ የሚታረመው ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

በፈተናው ክፍል ውስጥ

ርዕሱን ሁለት ጊዜ፣ ትእዛዙንም ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ ለንድፍ በሚሰጥዎት ወረቀት ላይም ትእዛዙ የሚፈልገውን በሁለት ቃል ከላይ ይጻፉ። ፈተናውን ከቤት የሚወስዱ ከሆነ ተራ ወረቀት ስለማይፈቀድ፣ በሚጠፋ ማርከር በሚጻፍበት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ንድፍ ማውጣትን አስቀድመው ይልመዱ። ከሁለቱ ዋና አንቀጾች የተሻለ ማስረጃ ያለዎትን መጀመሪያ ይጻፉ፤ ጊዜ ቢያጥር የሚጎዳው ደካማው ይሁን። አምስት ደቂቃ ሲቀር አዲስ ምሳሌ መጀመር ያቁሙና መደምደሚያውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይዝጉ። በቀረው ጊዜ በመጀመሪያ መግቢያው ላይ ያስቀመጡት አቋም መጨረሻ ላይ ከደረሱበት ጋር መግጠሙን ይዩ፤ ካልገጠመ የሚታረመው ብዙውን ጊዜ መግቢያው ነው፣ ምክንያቱም እየጻፉ ሳለ ሐሳብዎ ተጣርቷል። ከዚያ ያልተዘጉ ዓረፍተ ነገሮችን፣ በመጨረሻም የፊደል ግድፈትን ይመልከቱ።